ተንደርበርድ በየአሥር ደቂቃው ከሰርቨሩ ሲቋረጥ

ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጠዋት ስከፍተው ደብዳቤዎቹ ይገባሉ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ከሰርቨሩ (ኢሜይላችንን ከሚያስቀምጠው ኮምፒውተር) ጋር መገናኘት እንዳልተቻለ የሚገልጽ መልእክት ብቅ ይላል። ዘግቼ ስከፍተው ጥቂት ይሠራና ያው ይመለሳል። ሦስት ቀን እንዲህ ሄደ።

ኢንተርኔቱን ጠረጠርሁ፤ ድረ ገጾች ግን ያለ ችግር ይከፈታሉ። ፖርቱ (የግንኙነቱ በር ቁጥር) 993፣ የይለፍ ቃሉም ትክክል ነው። ጸረ ቫይረሱን ለአንድ ሰዓት አጠፋሁት፤ ለውጥ የለም። አካውንቱን ሰርዤ እንደ አዲስ ማስገባቴማ ግማሽ ቀን ከመብላቱ በቀር ምንም አልፈየደም።

ፍንጩ የተገኘው ማታ ነው። ባልደረቦቼ ኮምፒውተራቸውን ዘግተው ሲወጡ መቋረጡም ቆመ! በአንድ የኢሜይል አድራሻ የምንሠራው አራት ሰዎች ነን። ተንደርበርድ በአይማፕ (ደብዳቤዎቹን ሰርቨሩ ላይ እንዳሉ በሚያነብበት መንገድ) ሲሠራ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር እስከ 5 ግንኙነት ይይዛል፤ አራቱ ሲደመሩ 20፣ ስልኮቻችን ሳይቆጠሩ። ሰርቨሩ ደግሞ ከተወሰነ ቁጥር በላይ አያስተናግድም።

ስለዚህ በአካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ሰርቨር ሴቲንግስን፣ ቀጥሎም አድቫንስድ የሚለውን ቁልፍ ተጫንሁ። የግንኙነቶቹን ብዛት የሚወስነው ሳጥን 5 ይል ነበር፤ 2 አደረግሁትና ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትሁት። በአራቱም ኮምፒውተሮች መደረግ አለበት፤ እኔ አንዱን ረስቼ በማግሥቱ ችግሩ ተመልሶ ነበር። እሱንም ካስተካከልሁ ወዲህ አልተቋረጠም።