የፍጥረትና የዝግመተ ለውጥ የሕዝብ አስተያየት ቁጥሮች፦ እንዴት ይነበባሉ? በአማርኛስ እንዴት ይጠየቃሉ?

ከአሜሪካውያን ስንቱ ነው «ሰው በዝግመተ ለውጥ መጣ» የሚለው? ብላችሁ ብትፈልጉ 58 በመቶ፣ 68 በመቶ፣ 81 በመቶ የሚሉ መልሶች ታገኛላችሁ። ሦስቱም የወጡት ስመ ጥር ከሆኑ የጥናት ተቋማት ነው። ቁጥሩን ይህን ያህል ያራራቀው በዋናነት አጠያየቁ ነው። ስለዚህ መቶኛ ከመጥቀስ በፊት የመጀመሪያው ሥራ የጥያቄውን ሙሉ ቃልና የአማራጮቹን ብዛት ማግኘት ነው። ከዘገባው ጋር ሙሉ መጠይቁ ካልወጣ ቁጥሩን አትጠቀሙበት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጋሉፕ ጥያቄ

የአሜሪካው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት ጋሉፕ ከ1982 ጀምሮ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲያቀርብ ቆይቷል። አማራጮቹ ሦስት ናቸው፦ ሰው በሚሊዮን ዓመታት ሂደት ከቀደሙ ሕያዋን ተለውጦ መጣ፣ ሂደቱን የመራው ግን እግዚአብሔር ነው፤ ሰው እንዲሁ ተለውጦ መጣ፣ እግዚአብሔር ግን በሂደቱ ድርሻ አልነበረውም፤ እግዚአብሔር ሰውን ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ ውስጥ አሁን ባለበት መልክ ፈጠረው። በ1982 ፍጥረትን የመረጡት 44፣ በእግዚአብሔር የተመራ ለውጥን የመረጡት 38፣ ያለ እግዚአብሔር ያሉት 9 በመቶ ነበሩ። በ2024 ደግሞ 37፣ 34 እና 24 ሆነዋል።

የ2024ቱን ውጤት ይዘን ሦስት ርዕስ መጻፍ እንችላለን። «37 በመቶው ፍጥረትን ይቀበላል፤ ከሦስቱ ትልቁ ክፍል ነው።» «58 በመቶው ዝግመተ ለውጥን ይቀበላል» (34 እና 24 ሲደመሩ)። «71 በመቶው በሰው አመጣጥ የእግዚአብሔር እጅ አለበት ይላል» (37 እና 34 ሲደመሩ)። ሦስቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ አንስቶ ሌሎቹን መተው ግን አንባቢን ማሳሳት ነው። ሁልጊዜ ሦስቱንም ቁጥር አንድ ላይ አስቀምጡ።

ሌላም ችግር አለ። ሦስተኛው አማራጭ ሁለት ጉዳይ በአንድ ላይ አስሯል፦ የአፈጣጠሩን መንገድና ዕድሜውን። እግዚአብሔር ሰውን በአንድ ጊዜ ፈጠረው ብሎ የሚያምን፣ ዕድሜው ግን ከ10,000 ዓመት ይበልጣል የሚል ሰው የሚመርጠው የለውም። ስለዚህ 37 በመቶው ሁሉ «ዓለም ወጣት ናት» ይላል ብሎ መደምደም አይቻልም።

የአማራጭ አቀራረብ ምን ያህል ይቀይራል?

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየው ፒው የምርምር ማዕከል በ2018 ያደረገው ሙከራ ነው። መላሾቹን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። የመጀመሪያው ወገን በሁለት ደረጃ ተጠየቀ፦ በቅድሚያ «ሰዎች በጊዜ ሂደት ተለውጠዋል ወይስ ከመጀመሪያው አሁን ባሉበት መልክ ነበሩ?» ተብሎ፣ ተለውጠዋል ያለው ብቻ ስለ እግዚአብሔር ድርሻ ተጠየቀ። ሁለተኛው ወገን ሦስቱንም አማራጭ በአንድ ጊዜ አየ። «ከመጀመሪያው እንዲሁ ነበሩ» ያለው በመጀመሪያው አጠያየቅ 31 በመቶ፣ በሁለተኛው 18 በመቶ ሆነ፤ መግቢያው ላይ ያየናቸው 68 እና 81 በመቶ «ተለውጠዋል» ያሉት ናቸው። በነጭ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ዘንድ ደግሞ ከ66 ወደ 38 በመቶ ወረደ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አማኙ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ስለ እግዚአብሔር የሚናገርበት ዕድል እንደሚመጣ አያውቅም። «ተለውጠዋል» ማለት እምነቱን መካድ ይመስለዋልና ሌላውን ይመርጣል። እምነቱን ሳይጥል ለውጡን መቀበል የሚችልበት አማራጭ ከጅምሩ ከፊቱ ሲቀመጥለት ግን ብዙው ወደዚያው ይሄዳል። የእግዚአብሔርን ድርሻ ወደ ኋላ ገፍቶ የሚጠይቅ መጠይቅ የሃይማኖተኞችን ተቃውሞ ከእውነተኛው መጠን አግዝፎ ያሳያል፤ በእኛ አስተያየት የዚህ ዘርፍ ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

እውቀትንና እምነትን መደባለቅም ሌላው ነው። በአሜሪካ በ2012 «ሰው ከቀደሙ የእንስሳት ዝርያዎች የመጣ ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ሲባል እውነት ያለው 48 በመቶ ነበር። ከፊቱ «በዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ መሠረት» የሚል ሐረግ ሲጨመር 72 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ «ሕዝቡ ሳይንስ አያውቅም» ማለት ስህተት ነው፤ ሳይንሱ የሚለውን እያወቀ የማይቀበለው ብዙ ነው።

«እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለውንም መልስ አትለፉት። በ2006 የወጣ ታዋቂ ጥናት በአሜሪካ ዝግመተ ለውጥን የሚቀበለው በ20 ዓመት ውስጥ ከ45 ወደ 40 በመቶ ወረደ ይላል። ይህን ብቻ የሚጠቅሱ አሉ። በዚያው ጊዜ የማይቀበለውም ከ48 ወደ 39 ወርዷል፤ እርግጠኛ ያልሆነው ነው ከ7 ወደ 21 የወጣው። ይኸው ጥናት 34 አገሮችን ሲያነጻጽር አሜሪካን ከቱርክ በላይ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በታች አስቀምጧል። የተነጻጸሩት ግን 32 የአውሮፓ አገሮች፣ አሜሪካና ጃፓን ስለሆኑ «ከዓለም መጨረሻ ሁለተኛ» ማለት አይቻልም።

የስህተት ህዳግን ማስላት

የስህተት ህዳግ ማለት የተጠየቁት ሰዎች መቶኛ ሁሉም ሰው ቢጠየቅ ከሚገኘው በአጋጣሚ ሊርቅ የሚችልበት መጠን ነው። እሱን ለማግኘት 100ን ለመላሾቹ ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍሉ። 1,000 መላሽ ከሆነ ±3 ገደማ፣ 400 ከሆነ ±5፣ 100 ከሆነ ±10 ነጥብ ይመጣል። ሁለት የተለያዩ ጥናቶችን ስታነጻጽሩ ውጤቱን በ1.4 አባዙት። ጋሉፕ ወደ 1,000 ሰው ስለሚጠይቅና መረጃውን በሕዝቡ ስብጥር ስለሚያስተካክል ህዳጉን ±4 ያደርገዋል፤ በ1.4 ሲባዛ 5.6 ነው። በ2019 የፍጥረት መራጮች 40 በመቶ ነበሩ። ከ40 ወደ 37 የ3 ነጥብ ልዩነት ስለሆነ «ቀነሰ» አይባልም። ከ1982 ወዲህ ያለው የ7 ነጥብ ልዩነት ግን ከህዳጉ ያልፋል፤ ከ9 ወደ 24 ያደገውማ አያጠራጥርም። በንዑስ ክፍል ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ከ1,000ው ውስጥ 150ዎቹ ካቶሊኮች ቢሆኑ የእነሱ ህዳግ ±8 ነው።

በአማርኛ ስትጠይቁ

በትምህርት ቤት፣ በማኅበር ወይም በውጭ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ለመጠየቅ የምታስቡ መጀመሪያ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ብለው ያምናሉ?» የሚለውን ጣሉ። ሳይንሱ የሚለው ሰውና ዛሬ ያሉት ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች የጋራ ቅድመ አያት አላቸው እንጂ ሰው ከዛሬው ዝንጀሮ መጣ አይደለም። ስለዚህ «አላምንም» ያለው ምን እንደካደ አይታወቅም። በዚያ ላይ አነጋገሩ እንደ ስድብ ስለሚሰማ መላሹን ያስቆጣል።

በምትኩ ሦስት ጥያቄ ለያይታችሁ አቅርቡ። አንደኛ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት፣ ሁለተኛ ስለ ሰው፣ ሦስተኛ ስለ ዕድሜ። ስለ ሰው የሚጠየቀው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ለእርስዎ አስተያየት ይበልጥ የሚቀርበው የትኛው ነው? ሀ) እግዚአብሔር ሰውን አሁን ባለበት መልክ ፈጠረው፤ ለ) ሰው በረጅም ዘመን ተለውጦ መጣ፣ ይህንንም የመራው እግዚአብሔር ነው፤ ሐ) ሰው በረጅም ዘመን በተፈጥሮ ሂደት ብቻ ተለውጦ መጣ፤ መ) እርግጠኛ አይደለሁም።» ለሙስሊም መላሾች «አላህ» የሚል ቅጽ አዘጋጁ፣ ወይም ለሁሉም «ፈጣሪ» በሉ። የሀ እና የሐ ቦታ በግማሹ ቅጽ ላይ ይቀያየር፤ ሲነበብለት የሚመልስ ሰው መጨረሻ የሰማውን የመምረጥ ዝንባሌ አለውና።

ዕድሜን ለብቻ መጠየቅ በእኛ ዘንድ በተለይ ያስፈልጋል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ስለሚቆጠር ዓመተ ዓለሙ ዛሬ ከ7,500 አልፏል። በሌላ በኩል ሐዳር ላይ በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት ብዙዎች ከትምህርት ቤት ያውቃሉ፣ ይኮሩባታልም። ሁለቱንም የሚቀበል መላሽ ሲገጥማችሁ አታርሙት፣ እንዲመርጥም አታስገድዱት። ሁለቱንም እንደመለሰው መዝግቡ፤ ይህ ራሱ ውጤት ነው።

ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጾምና ስለ ቤተ እምነት ተሳትፎ የሚጠየቀው ሁሉ መጨረሻ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ከመጣ መላሹ እምነቱ እየተፈተነ ይመስለዋል፤ ቀጣዩን መልስ በዚያው ይቃኘዋል። ጠያቂውም የነጠላውን አለባበስ፣ የአንገቱን መስቀል ወይም ሂጃቡን ያስብበት፦ መላሽ ጠያቂውን ማስቀየም አይወድም። ከተቻለ ወረቀቱን መላሹ ራሱ ይሙላና በፖስታ አሽጎ ይመልስ።

ቅጹን ከመበተን በፊት ከ8 እስከ 10 ሰው ላይ ሞክሩት። «ጥያቄውን በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» በሏቸው። ሁለት ሰው ከተሳሳተ ጥያቄው እንደገና ይጻፍ።

አመራረጡ ከዝርዝር ይሁን። 1,200 ተማሪ ካለና 300 ከፈለጋችሁ ከ1 እስከ 4 ባለው ቁጥር ዕጣ አውጡ፤ 3 ከወጣ 3ኛውን፣ 7ኛውን፣ 11ኛውን እያላችሁ ውሰዱ። ያልተገኘውን በሌላ ቀንና ሰዓት ሁለቴ ፈልጉት እንጂ አጠገቡ ባለው አትተኩት። በቴሌግራም ቻናል የሚለጠፍ ድምፅ መስጫ የሚለካው የቻናሉን ተከታዮች ብቻ ነው፤ አሥር ሺህ ሰው ቢሞላውም አይሻሻልም።

የአጠያየቅን ተጽዕኖ ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ የፒውን ሙከራ ድገሙት፦ ቢያንስ 400 መላሽ በዕጣ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በሁለት ደረጃ፣ ግማሹ በአንድ ጥያቄ ይጠየቅ። በዚህ መጠን 13 ነጥብ የሚያህል ልዩነት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል፤ 5 ነጥብ ግን ከአጋጣሚ አይለይም።

ውጤቱን ስታወጡ የጥያቄው ሙሉ ቃል፣ የአማራጮቹ ቅደም ተከተል፣ የተጠየቁበት ቀን፣ የተመረጡትና የመለሱት ሰዎች ብዛት ለየብቻ፣ የ«እርግጠኛ አይደለሁም» መቶኛና የስህተት ህዳጉ ከሠንጠረዡ ሥር ይጻፉ።