ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ሰዓቱን ጻፉ

ደሴ ቤታችን ያለው ዴስክቶፕ ዕድሜው ገፍቷል። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ስሪ፣ 2ኛ ትውልድ፣ 4 ጊጋ ራም። ስንገዛውም ያገለገለ ነበር። ባለፈው ክረምት ድንገት ድርግም ማለት አመጣ። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈችበት ነበርና፣ ሴቭ ያላደረገችው ሁለት ገጽ ሲጠፋባት ያለችውን እዚህ አልደግመውም። ጥገና ቤት ወሰድነው። «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አሉን። ተደረገ። በአራተኛው ቀን ድርግም። መልሰን ወሰድነው፣ ደግመው ፎርማት አደረጉት። በሦስተኛው ግን አንድ ነገር ገረመኝ። እነሱ ጋ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፣ አንዴም አይጠፋም። ቤት ሲገባ ነው የሚሞተው።

ለካ ጥገና ቤቱ ውስጥ የእንጀራ ምጣድ የለም።

ወደ ምጣዱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ደብተር አውጡ። የምሬን ነው። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበርና አጠፋፉ እንዴት እንደነበር ጻፉበት። አምስት ስድስት ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ጥፋተኛው ራሱን እያጋለጠ ይመጣል። ባለሙያው ጋ ሄዳችሁ «አንዳንዴ ይጠፋል» ብቻ ካላችሁት እሱስ ምን ያድርግ፣ ፎርማት ነው የሚያደርገው።

አጠፋፉ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ መብራት የሄደ ይመስል ድርግም ማለት ነው። ምንም ጽሑፍ የለም፣ ወይ ጠፍቶ ይቀራል ወይ ራሱ ተነስቶ እንደገና ይከፍታል። እንዲህ ሲሆን ቀድማችሁ ኃይልና ሙቀትን ጠርጥሩ። ሁለተኛው ሰማያዊው ስክሪን ነው፣ ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ሲገጥመው ጽሑፍ የሚያወጣበት፤ እሱ ወደ ራም፣ ወደ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃዎቹን የሚያዝበት ፕሮግራም) ወይም ወደ ሃርድ ዲስክ ይመራል። ሦስተኛው ስታክ ማድረግ ነው። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ የዲስኳ ትንሽ መብራት በርታ ትቀራለች። እኔ እዚህ ላይ ቀድሜ የማየው ዲስኩን ነው። ድንበሩ ጥብቅ እንዳይመስላችሁ፣ የተበላሸ ራም ሦስቱንም ሊያደርግ ይችላል፤ ቢሆንም ከየት እንደምትጀምሩ ታውቃላችሁ።

ሰማያዊው ስክሪን ሳታነቡት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ሪስታርት እያደረገ ነው። መፈለጊያው ላይ «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብላችሁ ክፈቱ፣ «ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ውስጥ ግቡና «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። የዊንዶውስ መዝገብ በሆነው «ኢቨንት ቪወር» ውስጥ ደግሞ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ ምልክት ታገኙ ይሆናል። ይህን ቁጥር አይቶ ፓወር ሳፕላይ (ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያድለውን ሳጥን) ሊያስገዛችሁ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም። ቁጥሩ የሚለው ግን ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፋ ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

አሁን ወደ ምጣዱ። ደብተራችን ላይ ከሰባቱ ስድስቱ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነበሩ። እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ሰዓት ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። የኛ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ቢበዛ 100 ዋት ቢወስድ ነው። ምጣዱ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ይላል፤ ሁላችንም ለምደነው ማንም ልብ አይለውም። ቴስተር ተውሼ ሶኬቱ ላይ ለካሁ። 220 ሊሆን የሚገባው 172 ላይ ወርዶ ይወዛወዛል።

አዲስ ፓወር ሳፕላይ ቢሆን ይህን ብልጭታ ይችለው ነበር። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ትንሽ ኃይል አጠራቅመው ይይዛሉ፤ ደህናው መብራቱ ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ቢቋረጥ እንኳ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ያሻግረዋል። ሲያረጁ ግን የሚይዙት እያነሰ ይሄዳል፤ ቴሌቪዥኑ ያልሰማውን ብልጭታ ኮምፒውተሩ ይሞትበታል። እና «ቴሌቪዥኑ መች ጠፋ?» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ጥፋተኛው የሁለቱ ድምር ነው፣ የወረደው መብራትና ያረጀው ሳፕላይ።

ምን አደረግን? ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ምጣዱ ከብሬከሩ የራሱ መስመር ወጣለት። የድሮውን ሶኬት ሲፈታው ሽቦው ላልቶ ፕላስቲኩ ጠቁሮ አገኘው። ኮምፒውተሩ ባይረብሸን ኖሮ ቤቱን ልናቃጥል ነበር እኮ። እናንተ ቤት ምጣድ፣ ካውያ ወይም ማሞቂያ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ካለ ዛሬውኑ ለዩት፤ ምጣድማ ከመጀመሪያውም ዲቫይደር ላይ መሰካት የለበትም። የጎረቤት ምጣድም መስመሩን የሚያወርደው ከሆነ ስታቢላይዘር ወይም ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ሳጥን) ያስፈልጋል። ያገለገለ ዩፒኤስ ስትገዙ ባትሪውን ፈትኑ። ሻጩ ፊት ኮምፒውተር ሰክታችሁበት ከግድግዳው ንቀሉት፤ ወዲያው ከጠፋ የገዛችሁት ከባድ ሳጥን ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ኮምፒውተሩን ንቀሉት፣ ተመልሶ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገሱ። ሲመጣ ዘሎ ነው የሚመጣው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሳፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለው። 230 ላይ ይሁን፣ ልጅ እንዳይነካው። በኛ አገር መብራት 115 ላይ አድርጎ መሰካት ፍንዳታ ነው። ሳፕላዩን ራሱን ደግሞ በፍጹም አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የሚይዝ ኃይል ይቀራል። ከተበላሸ ይቀየራል፣ አይፈታም።

የኮምቦልቻው የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ሌላ ታሪክ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ አየሩ ይቀየራል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። እኛ በጋቢ ተጠቅልለን ስንጽፍ እሱ ቤት መስኮት ከፍቶ ነው። የሱ ደብተር ላይ ሰዓቱ ምንም አይናገርም፣ ጠዋትም ማታም ይጠፋል። የሚናገረው የቆይታው ርዝመት ነው፤ ጌም ከተጀመረ 20 ደቂቃ ግድም። ወዲያው መልሶ ሲያበራው ደግሞ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ይኼ ሙቀት ነው፣ ገና ሳይበርድ ስለጀመረ ቶሎ ይደርሳል።

ለማረጋገጥ የሳጥኑን ጎን ክፈቱና (ብዙዎቻችን ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን ማለቴ ነው) የጠረጴዛ ቬንትሌተር አዙሩበት። ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆየ መልሱን አገኛችሁ። «ኮር ቴምፕ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭናችሁም ቁጥሩን ማየት ይቻላል። ሥራ በዝቶበት እስከ 80 ዲግሪ ቢደርስ አብሽሩ፣ 95ን አልፎ ወደ 100 ሲጠጋ ግን ራሱን ሊያድን ነው የሚጠፋው።

አቧራ ማጽዳት የሚባለው ላይ ጥንቃቄ አለ። የአክስቴ ልጅ ሳጥኑን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ሄደና ጎማ በሚነፋበት ኮምፕረሰር አስነፋው። የሚያደርጉት ብዙ ናቸው፣ አልፈርድም። ግን ኮምፕረሰር ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ከአየሩ ጋር ይረጨዋል። ፋኑም በነፋሱ እንደ እንዝርት ሲሾር ማረፊያው ይበላል። የግድ ከሆነ መጀመሪያ አየሩን ወደ መሬት ልቀቁት፣ ራቅ አድርጋችሁ ንፉ፣ ፋኑን በእስኪርቢቶ ያዙት። ለኔ ግን ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ትዕግሥት ይበልጣል። ሁሉም ተነቅሎ፣ በካቻቪቴ ጎኑን ፈትታችሁ፣ ከፋኑ ሥር ያሉትን የብረት ክንፎች ተመልከቱ። የሱ ላይ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር፤ በጣቴ ስስበው አንድ ላይ ተነስቶ መጣ።

ፋኑን ከነብረቱ ካነሳችሁት ተርማል ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) መቀየር አለበት። የደረቀውን በአልኮል ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ፣ አዲሱን የምስር ፍሬ ያህል መሀል ላይ አድርጉና ፋኑን መልሱ። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚላችሁን አትስሙ፤ ጥቂት ቀን ይሠራና ይደርቃል። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ኮምፒውተር የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ እንደደረሳችሁ አታብሩት። የቀዘቀዘ ብረት ላይ ጤዛ ይይዛል፣ አንድ ሰዓት ይቀመጥ።

ራም ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን ከመብራት ንቀሉ፣ የሳጥኑን ባዶ ብረት ነክታችሁ ከሰውነታችሁ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ አራግፉ፣ ራሙን አውጡና ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹ። ፍርፋሪውን አራግፋችሁ ቀጭ እስኪል መልሱት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እያደረጋችሁ ለቀናት ሥሩበት፤ አንዱ ሲገባ ብቻ የሚሞት ከሆነ እሱ ነው። «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» አብሮ ይመጣል፣ አስነሱት። አንድም ስህተት ቢሆን ስህተት ነው፣ «አንድ ብቻ እኮ ነው» አይባልም።

ሃርድ ዲስክ ከጠረጠራችሁ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፎቶአችሁንና ሰነዳችሁን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ይኼ ቅደም ተከተል አይቀያየርም። ቼክ ዲስክ የሚባለው ጥገና እየሞተ ያለ ዲስክን ለሰዓታት ያስሮጠዋል፤ ሊገድለው ይችላል። ከገለበጣችሁ በኋላ የዲስክ ጤና የሚያሳየውን «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» ጭናችሁ ተመልከቱ። ቢጫ ካሳየ ዕድሜው እያለቀ ነው። ዳታውን የሚያስተላልፈው ቀጭን ገመድም ይላላል፣ እሱን በሌላ ቀይሮ መሞከር ርካሹ ጥገና ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ገመድ አያድነውም።

ሶፍትዌር የመጨረሻው ነው ለኔ። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ሲነሳ) አስነሱትና ሰዓታት ሥሩበት። እዚያ የማይሞት ከሆነ ድራይቨር ወይም የተጫነ ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት አንቲቫይረስ ጎን ለጎን ተጭኖ፣ ወይም ዊንዶውስን በነፃ ለማንቃት የገባ አክቲቬተር ይገኛል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰርን በይፋ አይቀበልም። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ የሚሆን ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ሞክሩ፣ እህቴ በሁለት ቀን ለምዳዋለች።

አንድ የረሳሁት። ኮምፒውተሩ ከተነቀለ በኋላ ሰዓቱና ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ይሏታል፣ 3 ቮልት። ቀኑ ሲዛባ ድረ ገጾች «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አንከፍትም ይላሉ። ባሰ ደግሞ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የእናት ቦርዱ ፕሮግራም) የዲስክ አያያዙን ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ይመልሰውና ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላችኋል። ይኼን ጊዜ ነው ሰው ደህና ዲስክ ፎርማት የሚያስደርገው። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ነበረበት መልሱት፣ ቀኑን አስተካክሉ። አሮጌዋን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፤ ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮውን ታቃጥለዋለች፣ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ጣሏት።