ጫማ አልበረክት ያለው ፈረስ፦ ብረቱ ከወለቀበት ሰዓት እስከሚቀጥለው ምስማር

ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ሰበታና ሰንዳፋ ዳርቻ ያለ ፈረስ በአንድ ቀን ጭቃ፣ ኮረት፣ ኮብልስቶንና አስፋልት ይረግጣል። በዚህ መንገድ ጫማ አንዴ ቢወልቅ አይገርምም። ከዚያው እግር በወር ሁለት ሦስቴ ከወለቀ ግን ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከወለቀው ብረት ላይ ይነበባል። ስለዚህ የወለቀውን ፈልገው ያግኙት፣ ለቁራሌውም አይስጡት።

ወዲያው የሚደረገው

ፈረሱን ያቁሙ፤ ጋሪ የሚጎትት ከሆነ ይፍቱት። ባዶ ኮቴ ጭነት ይዞ በአስፋልት ጥቂት ከሄደ ጠርዙ ይሰባበርና ቀጣዩ ምስማር የሚይዝበት ቦታ ያጣል።

ጫማው ግማሹ ተላቆ ከተንጠለጠለ ጎትተው አይገንጥሉት። መጀመሪያ በኮቴው ግድግዳ (ከውጭ በሚታየው ጠንካራ ዙሪያ) ላይ ታጥፈው የሚታዩትን የምስማር ጫፎች በሞረድ ይጨርሷቸው፣ ወይም በጠፍጣፋ ካቻቢቴና በመዶሻ ቀና ያድርጓቸው። ከዚያ ጉጠቱን ከተረከዝ በኩል በብረቱና በኮቴው መካከል አስገብተው እጀታውን ወደ ኮቴው መሃል ይጫኑ። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያፈራረቁ ወደ ፊት ይሂዱ። ወደ ውጭ ከጠመዘዙት የግድግዳውን ቁራጭ ይዞ ይመጣል።

አሁን ምስማሮቹን ይቁጠሩ። በስድስት ተመትቶ አምስት ብቻ ካገኙ ስድስተኛውን በኮቴው ሥር ይፈልጉ። የኮቴውን ሥር የወጋ ምስማር ካለ የገባበትን ቦታ፣ አቅጣጫውንና ጥልቀቱን ይያዙ፤ የእንስሳት ሐኪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሐኪም ቅርብ ከሆነና ፈረሱ ሳይረግጥ መቆም ከቻለ ምስማሩ እንዳለ ይቆይ። መርገጡ ካልቀረ ግን ቀጥ አድርገው ይንቀሉትና ቀዳዳውን በእስክሪብቶ ያክብቡ። ቁስሉ ትንሽ መሆኑ አያዘናጋ፤ ፈረስ በቴታነስ ክፉኛ የሚጠቃ እንስሳ ስለሆነ ክትባቱ መጠየቅ አለበት። ለከበደ ጉዳይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው ቢሾፍቱ ነው።

ቁስል ከሌለ ኮቴውን አድርቀው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠፈ ጨርቅ ከሥሩ አድርገው፣ በሰፊ ፕላስተር አመሳቅለው ያስሩት፤ ከላዩ የማዳበሪያ ከረጢት ያልብሱት። ከረጢቱ የሚታሰርበት ገመድ ከኮቴው በላይ ያለውን ፀጉራማ ክፍል አጥብቆ መያዝ የለበትም። በየቀኑ ይቀየራል።

የወለቀውን ብረት ማንበብ

ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ወደ መዶሻው ይሮጣል፤ ያው ጫማ በሳምንቱ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

የብረቱ የኋላ ጫፍ ተጣሞ ወይም በላዩ አዲስ ጭረት ካለ፣ የፊት እግሩን ጫማ የረገጠው የራሱ የኋላ እግር ነው። ይህ የሚሆነው የፊት ኮቴው አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ለፊት ጫፉ፣ ረዝሞ እግሩ ከመሬት ለመነሳት ሲዘገይ፣ ብረቱ ከተረከዙ አልፎ ሲወጣ፣ ፈረሱ ሲደክም፣ ወይም ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት ጭነት ከኋላ ሲገፋው ነው። መፍትሔው አፍንጫውን ማሳጠር፣ የብረቱን ጫፍ ከተረከዙ ጋር ማስተካከልና ጭነት መቀነስ ነው። ከወፍራም ላስቲክ የተሠራ የተረከዝ መሸፈኛም ይረዳል፤ በሽፋኑና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ አለዚያ ይልጠዋል።

ምስማሮቹ ሙሉ ሆነው እጥፋታቸው ተከፍቶ ከወጡ፣ እጥፋቱ አጭር ነበር ወይም ሲያሳምሩት በሞረድ አቅጥነውታል። ምስማሩ ከጭንቅላቱ ሥር ከተቆረጠ ብረቱ በየእርምጃው ሲንቀሳቀስ ቆይቷል፤ ጭንቅላቱ ለቀዳዳው አንሶ ነበር ወይም በኮብልስቶን ተበልቶ አልቋል። ከምስማሩ ጋር የኮቴ ቁራጭ ከመጣ ደግሞ ግድግዳው ደካማ ነው፣ ወይም ምስማሩ ዝቅ ብሎ ከጠርዙ አጠገብ ወጥቷል።

ኮቴውን የሚነካውን የብረቱን ገጽ ይመልከቱ። ከተረከዝ በኩል በሁለቱም ወገን እኩል ማብረቁ ጤናማ ነው፤ ኮቴ ሲረገጥ እዚያ ጋ ስለሚሰፋ ያሸዋል። አንዱ ወገን ብቻ ካበረቀ ኮቴው እኩል አልተሞረደም። ሁልጊዜ የውስጠኛው ወገን ቀድሞ የሚላላ ከሆነ አንዱ እግር ሌላውን እየመታ ሊሆን ይችላል፤ ከፊትና ከኋላ ቆመው ሲራመድ ይዩት።

ጊዜውም ይናገራል። በተመታ በሳምንቱ የወለቀ ጫማ የአመታት ወይም የልክ ችግር ነው። ሳምንቶች ቆይቶ የወለቀው ደግሞ ቀኑ አልፎበታል፤ ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ ብረቱን ወደ ፊት ይዞት ይሄዳል፣ ተረከዙም ከብረቱ ያልፋል። ከ5 እስከ 6 ሳምንት ይታደስ። ለማስታወስ ቀላል ነው፤ በሚካኤል፣ በ12 ከተመታ፣ በሚቀጥለው ወር ጊዮርጊስ፣ በ23 ልክ 41 ቀን ይሆነዋል።

እንደገና ሲመታ

ይህን ሥራ ልምድ ያለው ሰው ይሥራው፤ ባለቤቱ ግን አጠገቡ ቆሞ የሚከተሉትን ማየት ይችላል።

ኮቴው ለጫማው አይሞረድም፤ ጫማው በመስፍ ላይ ተቀጥቅጦ ለኮቴው ይስተካከላል። ብረቱ ጠበበና የኮቴው ጠርዝ ዙሪያውን ከተሞረደ ከውጭ ያምራል፣ ግን ምስማር የሚይዘውን ጠንካራ ክፍል በልተውታል። ከኮቴው ሰፊ ቦታ ወደ ኋላ ብረቱ ከጠርዙ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወጣ ይበል። ጫማው ብየዳ ቤት ከፌሮ ተጠፍጥፎ የተሠራ ከሆነ ሴራሚክ ላይ ያስቀምጡት፤ ከተንገዳገደ ገና ነው፣ ኮቴም ላይ እንዲሁ ይንገዳገዳል።

የጣውላ ምስማር አይመታ። ክብ ስለሆነ ኮቴውን ይሰነጥቃል፣ ጭንቅላቱ በቀዳዳው ውስጥ አይቀመጥም፣ ወዴት እንደሚሄድም አይታወቅም። የፈረስ ምስማር ጠፍጣፋ ነው፤ ከጭንቅላቱ በአንዱ ገጽ ምልክት አለው። ያ ገጽ ወደ ኮቴው መሃል ይዞራል፤ ጫፉ በዚያ በኩል ስለተሳለ ሲመታ ወደ ውጭ ይሄዳል። ምስማሩ የሚገባው በግድግዳውና በኮቴው ሥር መካከል በሚታየው ነጭ መስመር ላይ ወይም ከእሱ ትንሽ ወደ ውጭ ነው፤ ወደ ውስጥ ካለፈ ሥጋ ይነካል። ለሀበሻ ፈረስ ከብረቱ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢወጣ ይበቃል። በየወገኑ ሦስት ሦስት ይበቃሉ። ከኮቴው ሰፊ ቦታ ወደ ተረከዝ ምስማር አይመታም፤ እዚያ የታሰረ ኮቴ መስፋት ስለማይችል ወይ ምስማሩን ያላላል ወይ ፈረሱን ያሳምማል። ለዚህ ነው «ምስማር ይጨመርበት» የሚለው ምክር ነገሩን የሚያባብሰው፤ እያንዳንዱ ምስማር በደከመ ግድግዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ ነው።

ድምፁን ይስሙ። ምስማር በጠንካራው ኮቴ ሲያልፍ የመዶሻው ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከታፈነና ፈረሱ እግሩን ከነጠቀ ምስማሩ ተነቅሎ፣ ቀዳዳው በቲንክቸር አዮዲን ታጥቦ ባዶ ይተው።

የወጣው ጫፍ ተቆርጦ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይታጠፋል፤ ከሥሩ በሞረድ ትንሽ ማረፊያ ተበጅቶለት ይተኛል። ከዚያ በላይ አይሞረድም።

ማደሪያውና መኖው

ክረምት ላይ የዋልካ ጭቃ ብረቱን ይጎትታል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ኮቴው ቀን ርሶ ማታ መድረቁ ነው። እየሰፋና እየጠበበ የምስማሩ ቀዳዳ ይላላል። ስለዚህ ማታ ማታ በውሃ ከማጠብ ጭቃውን በእንጨትና በብሩሽ ማራገፍ ይሻላል። ፈረሱ የሚቆምበት ቦታ ከፍ ብሎ ጠጠር ይደረግበት፤ ኮቴው የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይቀባ። በኮቴው መሃል ካለው ለስላሳ ሦስት ማዕዘን ጎን ጥቁርና የሚሸት ነገር ከወጣ የሚያበሰብስ በሽታ ጀምሮታል፤ ተጠርጎ ይድረቅ፣ ማደሪያውም ይጽዳ።

ገለባና ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ፈረስ ጥሩ ኮቴ አያወጣም። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው። ጥሩ ድርቆሽ፣ ከተገኘ አልፋልፋ፣ ጨውም ይቅረብለት። ባዮቲን የሚሰጥ ከሆነ በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የኮቴው አፍንጫ ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከ9 እስከ 12 ወር ስለሚፈጅበት፣ በመስከረም የተጀመረ መኖ ምስማር የሚመታበት ቦታ የሚደርሰው ሰኔ ገደማ ነው።

ግድግዳው ተሰባብሮ ምስማር የሚይዝበት ንጹሕ ቦታ ከሌለ ደግሞ አይመታ። ጠርዙ በሞረድ ክብ ተደርጎ ፈረሱ ለስላሳ ሜዳ ላይ ከሥራ ይረፍ፤ አዲስ ኮቴ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪወርድ አንድ ወር ከግማሽ ገደማ ይወስዳል። ያን ጊዜ የጋሪ ገቢ መቅረቱ ከባድ ነው፤ ግን የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ የተመታ ጫማ አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ ይወልቃል።