ሳጥኑ ሲተርፍ፣ ፊደሉ ሲያንስ፦ የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ ችግርና መፍትሔ

በደብረ ብርሃን የተማሪዎች እንግሊዝኛ ክበብ ሳስተባብር በየሳምንቱ የሚቀርብልኝ ችግር አንድ ዓይነት ነው። ጥያቄው «አምስት ፊደል ያለው፣ እነዚህ ፊደላት የሚገኙበት ቃል ፈልግ» ይላል፣ ለእያንዳንዱ ፊደልም አንድ ባዶ ሳጥን ይሰጣል፤ ተማሪው ግን መሀል ላይ ይቆማል። ይህን የምጽፈው ሃያ ስድስቱን ፊደላት አጥርቶ ለሚያውቅና መዝገበ ቃላት መግለጥ ለማይቸግረው ሰው ነው።

ዋናው ምልክት ይህ ነው፦ ተማሪው ቃሉን ያውቀዋል፣ ትርጉሙንም በትክክል ይናገራል፤ ሲጽፈው ግን አንድ ወይም ሁለት ሳጥን ባዶ ይቀርበታል።

መንስኤው ተማሪው የሚቆጥረው የእንግሊዝኛውን ፊደል ሳይሆን በልቡ በአማርኛ የጻፈውን ቃል መሆኑ ነው። በእኛ አጻጻፍ ተነባቢና አናባቢ በአንድ ፊደል ተዋሕደው ይጻፋሉ፤ በእንግሊዝኛ ለየብቻ ይቀመጣሉ፣ ከዚያም በላይ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል አለ። እኛ «ስሩ» ብለን በሁለት ፊደል የምንጨርሰው፣ በአንድ ነገር ውስጥ አልፎ መውጣትን የሚገልጸው ቃል ቲ፣ ኤች፣ አር፣ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተብሎ ሰባት ሳጥን ይሞላል። «ናይት» ሌሊት ሲሆን ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ነውና አምስት ሳጥን ይበቃዋል፤ ፈረሰኛ ተዋጊ ሲሆን ግን ከፊቱ የማይነበብ ኬ ስለሚገባ ስድስት ይሆናል። ሰልፍ ማለት የሆነው «ኪው» ደግሞ ከፊደሉ ከኪው ቀጥሎ ዩ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኢ እየተደረደረ አምስት ይደርሳል።

በዚህ ላይ የማጥበቅ ጉዳይ ይጨመራል። አማርኛ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ አይጽፍም፤ በዓሉ «ገና» እና ጊዜውን የሚያመለክተው «ገና» አጻጻፋቸው አንድ ነው፣ የሚለያቸው አንባቢው ነው። በዚህ የለመደ እጅ ደስተኛ የሚለውን «ሃፒ» ሲጽፍ አንዱን ፒ ያስቀራል፣ አምስቱም አራት ይሆናል። «ሌተር» ላይ ሁለተኛው ቲ፣ «አፕል» ላይ ሁለተኛው ፒ የሚጠፉት በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ጊዜ በውድድር ላይ «አምስት ፊደል ያለው፣ ኢ እና ፒ የሚገኙበት የቤት እንስሳ» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ከመንዝ የመጣ፣ በግ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ወዲያው ኤስ፣ ኤች፣ አይ፣ ፒ ብሎ ጻፈ፤ አምስተኛው ሳጥን ባዶ ቀረ። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ እየላጰሰ መልሶ ያንኑ ጻፈ፣ በመጨረሻም ባዶው ሳጥን ውስጥ ኢን ጨመረበትና «መምህር፣ በግ እኮ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ የጻፈው ግን መርከብ ነው። በጉም መርከቡም በአማርኛ «ሺፕ» ተብለው ስለሚጻፉ፣ በበጉ መካከል ኢ ሁለት ጊዜ እንደሚገባ በአማርኛ ፊደል ያጠና ዓይን ሊያየው አይችልም።

መፍትሔው የሚጀምረው ከደብተሩ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ድምፁን በአማርኛ ፊደል እየጻፋችሁ አታጥኑ። ደብተሩን በፊደል ብዛት ክፈሉት፤ የአራት ፊደል ቃላት ለብቻ፣ የአምስት ለብቻ፣ የስድስት ለብቻ ገጽ ይኑራቸው። አዲስ ቃል ሲገኝ ሳጥኑን ሥሉ፣ ጣታችሁን በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ እያሳረፋችሁ የፊደሉን ስም ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ቃሉን አትጥሩ፤ ቃሉን ከጠራችሁ ጆሮ ይቀድምና ቆጠራው ይበላሻል። ያ ልጅ በዚህ መንገድ በግን ዳግመኛ አልሳተም።

በየጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው የሚሸጡትን፣ በፎቶ ኮፒ የተባዙ የቃላት ዝርዝሮች አትግዙ። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ድምፁን በአማርኛ የሚጽፉት እነርሱ ናቸው፤ በእጄ በገባው አንዱ ላይ «ሪሲቭ» የሚለው ቃል ኢ እና አይ ቦታ ተለዋውጠው ታትሞ አግኝቻለሁ። ልጅ ከቤተሰቡ በተሰጠው ገንዘብ ስሕተት ገዝቶ ሲያጠና ማየት ያሳዝናል፣ ያናድዳልም። ስልክም እየጻፋችሁ በራሱ የሚያርም ከሆነ ማረሚያውን አጥፉት።

ሳጥኑ ሲያንስና ፊደሉ ሲተርፍ ኤክስን ፈልጉ። «ቦክስ» በኬ እና በኤስ አይጻፍም፤ ኤክስ ብቻዋን ሁለቱንም ድምፅ ስለምትይዝ ሦስት ሳጥን ይበቃዋል።

ከአምስቱ አናባቢዎች አንዱም የማይገባበት ቃል ከተጠየቃችሁ ዋይ የሚባለውን ፊደል አስቡ፤ «ሪትም» አር፣ ኤች፣ ዋይ፣ ቲ፣ ኤች፣ ኤም ነው።

ኪው የሚባለው ፊደል ከተሰጠ ቀጣዩን ሳጥን ዩ ለሚባለው ፊደል አስቀምጡለት። ጫትን የሚያመለክተው ባለሦስት ፊደል «ቃት» ከዚህ ደንብ ውጪ ነው፣ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

«ከለር» በብሪታንያ አጻጻፍ ስድስት፣ በአሜሪካ አምስት ነው፤ ጠያቂው የትኛውን እንደሚከተል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቃሉ በቪ ድምፅ የሚያበቃ ከሆነ የመጨረሻውን ሳጥን ለኢ ተዉት፤ «ጊቭ» እና «ላቭ» አራት አራት፣ መተው ማለት የሆነው «ሊቭ» ደግሞ በመካከሉ ኢ እና ኤ ተከታትለው ስለሚገቡ አምስት ነው። በሌላው ቦታ ግን ሳጥን ስለተረፈ ብቻ መጨረሻ ላይ ኢ አትለጥፉ። በጥያቄው ውስጥ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከሆነም የኅትመት ስሕተት ነው ብላችሁ አንዱን አትሰርዙት፤ ሁለቱም ሳጥን ያስፈልጋቸዋል።