ጉቶው የአትሌቱ አይደለም፦ የሮማውያንን የእብነ በረድ ቅጂዎች ሲያዩ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሁሉ የሚያታክተው የጉቶው ነገር ነው። ጀማሪ በአትሌቱ እግር ሥር የዛፍ ጉቶ ባየ ቁጥር ትርጉም ፍለጋ ይነሳል፤ አንዱ «የጽናት ምልክት ነው» ይላል፣ ሌላው «ጫካ ውስጥ ይለማመድ ነበር»። ኧረ አይደለም! ዋናውን ሐውልት ግሪኩ የሠራው በነሐስ ነው፤ እኛ የምናየው ሮማውያን በእብነ በረድ የቀዱትን ነው። ነሐስ ውስጡ ባዶ ተደርጎ ስለሚፈስ ይቀላል፣ ጠንካራም ነው፤ ሁለት እግር ይበቃዋል። እብነ በረድ ግን ድፍን ድንጋይ ነው፤ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ በቁርጭምጭሚት ብቻ ቢቆም እዚያው ላይ ይቀነጠሳል። ስለዚህ ሮማዊው ጠራቢ ጉቶውን ከዚያው ድንጋይ አስቀርቶ እግሩን ያስደግፈዋል፤ ክንዱ እንዳይሰበርም ከዳሌው እስከ እጅ አንጓው አጭር ዘንግ ይተዋል። ከፖምፔ ተገኝቶ ኔፕልስ ሙዚየም የቆመው የግሪኩ ቀራጺ የፖሊክሊቶስ ጦር ያዥ ቅጂ (2.12 ሜትር) ሁለቱም አሉት። መጀመሪያ እነሱን በሐሳብዎ ያንሱና ከዚያ ስለ አቋቋሙ ያውሩ።

ጉቶው ላይ የተሰቀለ ነገር ካለ ግን አይለፉት። አቴንስ ያለው፣ ከዴሎስ ደሴት የተገኘው ጥምጥም አሳሪ (በራሱ ላይ ጥምጥም የሚያስር አትሌት) ከጉቶው ላይ ልብስና የቀስት ኮሮጆ አለው፤ ይህ የቀጂው ጭማሪ ነው፤ አትሌቱን ቀስት ወደሚይዘው የግሪክ አምላክ ወደ አፖሎ ያስጠጋዋል።

ሁለተኛው፣ አንገትን ሳይመረምሩ ስለ ፊት መጻፍ። የግሪኩ ቀራጺ የማይሮን ዲስከስ ወርዋሪ ብሪቲሽ ሙዚየም ባለው ቅጂ ወደ መሬት ያያል። እ.ኤ.አ. በ1781 ሮም ኤስኲሊኖ ኮረብታ ላይ የተገኘውና ዛሬ እዚያው ሮም በፓላትሶ ማሲሞ ሙዚየም ያለው ግን ዞሮ ዲስከሱን ያያል። ልክ የሆነው ይህ ነው፤ ጥንታዊው ጸሐፊ ሉቂያኖስም ፊቱ ወደ ዲስከሱ እጅ እንደዞረ ጽፏል። የለንደኑን ራስ በስህተት የገጠመው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጠጋኝ ነው። እንዴት ይለያል? በጥንት የተሰበረ ድንጋይ ስብራቱ ሻካራና ወጣ ገባ ነው፤ ጠጋኝ የነካው ግን አዲሱ ቁራጭ እንዲገጥም ተላግቶ ቀጥ ይላል። በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፉትን መስመሮችና የእርጅናውን ቀለም ከመጋጠሚያው በላይና በታች ያስተያዩ።

አንድ ቅጂ ብቻ አይቶ «ፖሊክሊቶስ እንዲህ አደረገ» ማለት ሌላው ስህተት ነው። ቀጂዎቹ ከነሐሱ ላይ በጄሶ ቅርጽ ያወጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ኔፕልስ አቅራቢያ ባለችው ባያ የጄሶዎቹ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። ብዙ ቅጂዎች የሚስማሙበት መጠንና አቋም ከዋናው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ ብቻ ያለውን ለቀጂው ይተዉለት።

ነጭነቱን አያወድሱ፤ ቀለም ነበረው።

ዘመን ሲጽፉ ሁለት ይጻፉ፦ የነሐሱን (ለማይሮን 5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት) እና የቅጂውን።

ፎቶ ከፊት ብቻ አንስቶ መሄድ በቫቲካኑ የግሪኩ ቀራጺ የሊሲፖስ ገላ ፋቂ (ገላውን በመፋቂያ የሚያጸዳ አትሌት) ላይ በተለይ ያሳስታል። ቀኝ ክንዱ ወደ ተመልካቹ ተዘርግቷል፤ ከፊት ለፊት ሲያነሱት አጥሮ ይታያል። ወደ ጎን ዞረው ያንሱት።