«ሶሊሲተራችሁ ፓነል ላይ የለም»፦ እንግሊዝ አገር ቤት ስንገዛና ስንሸጥ የሚገጥመን ችግርና መፍትሄው

ለንደን ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችንን ስንገዛ ሶሊሲተር (የግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሚሠራ ጠበቃ) የመረጥነው እንደ ብዙ አበሻ ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ «ጎበዝ ነው፣ የወረቀት ጉዳዬን እሱ ነው የጨረሰልኝ» አለችን፤ ሄድን፣ ከፈልን። ሰውየው እውነትም ጎበዝ ነበር፣ ግን በኢሚግሬሽን ነው። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የባንክ ብድር የሚያፈላልግልን ብሮከር ደወለና «ሶሊሲተራችሁ የባንኩ ፓነል ላይ የለም» አለን። ፓነል የሚባል ነገር መኖሩን ያኔ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈውና ልገላገል። የማወራው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት፤ እዚያ የምትገዙ የስኮትላንድ ሶሊሲተር ያዙ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው? አገር ቤት ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ሄደው ይፈርማሉ። እዚህ እንደዚያ ያለ ቢሮ የለም። ውሉን የሚያየው፣ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚያጣራው፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያስተላልፈውና በመጨረሻ ስማችሁን ላንድ ሬጅስትሪ (የመሬትና የቤት መዝገብ ቤት) የሚያስመዘግበው ሶሊሲተሩ ነው፣ ወይም ፈቃድ ያለው ኮንቬያንሰር (ቤት የማዛወር ሥራ የሚሠራ ባለሙያ)። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው ሰው የባንኩም ጠበቃ ይሆናል። ባንኩ የሚያበድረውን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ የሚልከው ወደ ሶሊሲተሩ ሒሳብ ነውና፣ ለማን ልላክ የሚለውን ቀድሞ በዝርዝር ይይዛል። ፓነል ይኼው ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ባንክ የራሱ አለው፤ አንዱ ጋ ያለ ቢሮ ሌላው ጋ ላይኖር ይችላል።

«ፓነል ላይ የለም» ተባላችሁ

አትደንግጡ። ሰውየው ፈቃድ የለውም ወይም አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። አንዳንድ ባንክ ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ የሆነ ቢሮ አይቀበልም። ሌላው ሲኪውኤስ የሚባለውን፣ ሎው ሶሳይቲ (የሶሊሲተሮች ማኅበር) ለቤት ግዢና ሽያጭ ሥራ የሚሰጠውን የጥራት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ቢሮው ለዚያ ባንክ ለረጅም ጊዜ ምንም ስላልሠራ የተሰረዘም ይኖራል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ቢሮው ስሙን ቀይሯል፣ ወይም ብሮከሩ የሌላ ቅርንጫፍ አድራሻ አስገብቷል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቢሮውን ራሱን በኢሜይል ጠይቁ፦ «ዛሬ የዚህ ባንክ ፓነል ላይ ናችሁ ወይ?» የባንኩን ስም ጻፉ። «የብዙ ባንኮች ፓነል ላይ ነን» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

እውነትም ከሌለ፣ በኔ ግምት ጉዳዩ ገና ከሆነ መቀየር ነው የሚሻለው። እስካሁን ለሠራው ትከፍላላችሁ፤ ያማል፣ ግን ይለቃል። ፋይሉንና ያስወጣውን ሰርች (ስለ ቤቱ ከማዘጋጃ ቤትና ከመሳሰሉት የሚወጣ ማጣሪያ) ለአዲሱ እንዲያስተላልፍ ጠይቁ፤ አዲሱ በድሮው ሰርች ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኑን ደግሞ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ባንኮች ቤቱን በምትረከቡበት ቀን 6 ወር ያለፈውን ሰርች አይቀበሉም፤ ስለዚህ መጓተቱ ራሱ ሌላ ወጪ ያመጣል።

የራሴን ሰው አልለቅም ካላችሁ፣ አንዳንድ ባንክ ለራሱ ብቻ ከፓነሉ ሌላ ሶሊሲተር ይቀጥራል። የሁለቱንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ሁለት ጠበቃ ሲጻጻፍ ደግሞ ቀኑ ይረዝማል። «እኛ ፓነል ውስጥ ለመግባት እናመለክታለን፣ ትንሽ ጠብቁ» የሚል ቢሮ ካጋጠማችሁ አትጠብቁ። ባንኩን ራሱን መቀየርም ይቻላል፣ ግን ማመልከቻውም የቤቱ ግምትም እንደ አዲስ ስለሚጀመር ለሶሊሲተር ተብሎ አይደረግም።

ስንጀምር ነበረ፣ አሁን የለም

ብዙ ጊዜ የተቀየረው ሶሊሲተሩ አይደለም፣ ባንኩ ነው። ብሮከሩ «የተሻለ ወለድ አገኘሁላችሁ» ብሎ ሌላ ባንክ ሲያመጣ ደስ ይለንና ስለ ፓነሉ የሚያስታውስ ይጠፋል። አዲስ የባንክ ስም በሰማችሁ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይኼ ይሁን። ባንኮችም ዝርዝራቸውን በየጊዜው ይከልሳሉ።

ፓነል ላይ አለ፣ ግን ገንዘቡ ከየት መጣ እያለ አስጨነቀን

እኛን አበሾችን በደንብ የሚይዘን እዚህ ጋ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የገንዘብ ማጠብ መከላከያ ደንብ ምክንያት ሶሊሲተሩ ገንዘባችሁ ከየት እንደመጣ ማጣራት ግዴታው ነው። የባንኩም ጠበቃ ስለሆነ ደግሞ የሚያሳስብ ነገር ካየ ለባንኩ ማሳወቅ አለበት። ዩኬ ፋይናንስ የሚባለው የባንኮችና የአበዳሪዎች ማኅበር የሚያወጣው የአበዳሪዎች መመሪያ እንዲህ ያሉ ብዙ ነገሮችን ይዟል፤ ለምሳሌ ሻጩ ቤቱን ከያዘ 6 ወር ካልሞላው፣ ወይም የመሸጫው ዋጋ ከተቀየረ ለባንኩ ይነገራል። «ለባንኩ እንዳትነግር» ማለት አይሠራም። አትንገር ካላችሁት ለባንኩ መሥራቱን ማቆም ነው ያለበት፣ ያኔ ግዢው ቆመ ማለት ነው።

አሁን እቁቡን አስቡት። እጣ ደረሳችሁና በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ12 ሰው ሒሳብ ገንዘብ ገባላችሁ፣ የተወሰነውን ደግሞ በእጅ ተቀብላችሁ ባንክ አስገባችሁ። ለኛ እቁብ ነው። በሕይወቱ እቁብ ሰምቶ ለማያውቅ የለንደን ሶሊሲተር ግን ይኼ በትክክል ተጠንቀቅ የተባለው ነገር ነው። መፍትሄው እቁቡን መደበቅ አይደለም፣ ቀድሞ ማስረዳት ነው። እቁብ ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ። በየወሩ የጣላችሁት ከባንካችሁ ሲወጣ የሚያሳየውን መግለጫ አያይዙ፣ የአባላቱን ዝርዝርና እጣው የወጣበትን ቀን ከሰብሳቢው በፊርማ አምጡ። ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ሰዎች ደግሞ ከአሁኑ እቁባችሁን በእጅ መቀበል ተዉ። በባንክ፣ ቢቻል ከሰብሳቢው አንድ ጊዜ ይግባ።

ቤተሰብ የሰጠው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ሰጪው ማንነቱን ያሳያል፣ የባንክ መግለጫ ያመጣል፣ «ስጦታ ነው፣ አይመለስም፣ ቤቱ ላይም ድርሻ የለኝም» ብሎ ይፈርማል። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የሚላክ ከሆነ የተላከበትን ወረቀት በሙሉ ያዙ። ከውጭ የመጣ ስጦታ ጭራሽ የማይቀበል ቢሮ ስላለ፣ ገና ሳትቀጥሩት ጠይቁት። ጓደኛ ያበደራችሁን «ስጦታ ነው» ብላችሁ እንዳታስፈርሙ። ያ ማጭበርበር ነው፣ እሱንም እናንተንም ያስጠይቃል።

«እማማም ይፈርሙ» አሉን

ሞርጌጁ ላይ ስሙ የሌለ ነገር ግን ቤቱ ውስጥ የሚኖር አዋቂ ካለ፣ ባንኩ «ቤቱ ለዕዳ ቢሸጥ አልከራከርም» የሚል ወረቀት ሊያስፈርመው ይችላል። ከመፈረሙ በፊት ከሌላ ሶሊሲተር ምክር ያግኝ፤ ብዙ ጊዜ ይኼ ራሱ የግድ ነው። የ15 ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ደላላው የራሱን ሶሊሲተር ካልያዛችሁ አለ

ለላከለት ሰው ሁሉ ከሶሊሲተሩ ኮሚሽን ስለሚያገኝ ሊሆን ይችላል፤ ካገኘ ደግሞ ሊነግራችሁ ይገባል። ፓነል ላይ ካለ መያዝም ትችላላችሁ፣ ግዴታ ግን የለባችሁም። ዋጋውን ከሌሎች ሁለት ቢሮዎች ጋር አወዳድሩት፣ ጉዳያችሁን የሚይዘውን ሰው ስምም ጠይቁ።

እየሸጥን ነው፣ ይኼ እኛን ምን አገባን?

መሸጥ ብቻ ከሆነ ያን ያህል አያገባችሁም። የእናንተ ሶሊሲተር ከባንካችሁ የቀረውን ዕዳ ልክ ይጠይቅና ከሽያጩ ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ይገባል። የሚያስቸግረው ቀድሞ የመዝጊያ ቅጣት ነው፤ የቋሚ ወለዱ ጊዜ ሳያልቅ ከሸጣችሁ ሺዎች ሊቆረጥባችሁ ስለሚችል ቤቱን ገበያ ሳታወጡ ባንካችሁን ጠይቁ። እየሸጣችሁ ሌላ የምትገዙ ከሆነ ግን ሁለቱንም የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቢሮ ነው። ስለዚህ ምረጡት በአዲሱ ባንክ ፓነል እንጂ በድሮው አይደለም። የድሮውን ሞርጌጅ ይዛችሁ ወደ አዲሱ ቤት ብታዛውሩም ጥያቄው ያው ነው።

ቤት ሳትቀይሩ ባንክ ስትቀይሩ «ሶሊሲተር በነጻ» የሚሏችሁ ደግሞ የሚሠራው ለባንኩ ነው። የትዳር ጓደኛ ስም ማስገባት ወይም ማውጣት ካለ ለራሳችሁ ሌላ ያዙ።

ቀብድ የምንልክ ቀን «ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል መጣ

ሌባ ነው። የሶሊሲተሩ ስም፣ አርማ፣ የጉዳዩ ቁጥር፣ ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ኢሜይላችሁን ወይም የሱን ሰብሮ ገብቶ ሲከታተል ከርሟል። ቀብዱ ብዙ ጊዜ የቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ነው፤ ከሄደ መመለሱ ያጠራጥራል። ምንም ሳትልኩ ለሶሊሲተሩ ደውሉ። ቁጥሩን ግን ከዚያ ኢሜይል ላይ አትውሰዱ፣ መጀመሪያ ቀን ከሰጣችሁ ወረቀት ላይ አንብቡት።