ሳይክል ላይ አዲስ ዕቃ ለምትፈጥሩ ልጆች፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሀዋሳ ሜዳ ናት። ሳይክል የሚወደደውም ለዚህ ነው። ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ ብዙ ሳያልብህ ትደርሳለህ። ተማሪው፣ ዓሣ አመላላሹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛው ይነዳል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ሳይክል ላይ አዲስ ነገር ልሞክር የሚል ልጅ አይጠፋም። ወደ እኔ ጥገና ቤትም ይመጣሉ። አንዱ እሾህ የማይበሳው ጎማ፣ ሌላው ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ዲናሞ፣ ሌላዋ የጀሪካን መጫኛ ይዛ። ሲመጡ ከልቤ ደስ ይለኛል። ያው ስህተት ለአሥረኛ ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ግን ያመኛል። ልፋቱ ያሳዝናላ! ብረቱም በነጻ አልተገኘም።

አንድ ሳምንት ነድቶ «ሠራ!» ማለት

እዚህ ላይ እቆያለሁ። እኔም ሰው ጎድቼበታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎማ ለሚበሳው እሾህ፣ ለኩርንችት፣ መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ነበር። በሐይቁ ዳር የሚነዳ ሰው ኩርንችትን ማስረዳት አያስፈልገውም። ያረጀ ካላማዳሪያ (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘውን ላስቲክ) በቁመቱ ሰነጠቅሁ። ቫልቩን ቆርጬ ጣልኩ። ከዚያ በጎማውና በደህናው ካላማዳሪያ መሃል አነጠፍኩት። አንድ ሳምንት ራሴ ነዳሁበት። እሾህ ከጎማው ላይ እየነቀልኩ አንድም ቀን አልተነፈሰብኝም። ለአሥራ አንድ ሰው ገጠምኩ። ገንዘብም ተቀበልኩ።

በአምስተኛው ሳምንት መመለስ ጀመሩ። ካላማዳሪያውን አውጥቼ ውሃ ውስጥ ስነክረው አረፋው የሚወጣው እሾህ ከሚወጋበት በኩል አልነበረም። ከጎን ነበር። በመቀስ የቆረጥኩት የንጣፉ ጠርዝ ጎማው በዞረ ቁጥር ካላማዳሪያውን ሲፈገፍገው ሰንብቶ በልቶታል። እሾህ አንድ ቀዳዳ ነው የሚተወው፤ በማስቲሽ ይለጠፋል። የእኔ ንጣፍ ግን ረጅም መስመር ነበር የላጠው። ያ አይለጠፍም፤ ይጣላል። ከደንበኞቼ አንዱ ከአሞራ ገደል ዓሣ ጭኖ ለምግብ ቤቶች የሚያደርስ ልጅ ነበር። ጎማው የተነፈሰበት በቀትር፣ ዓሣውን እንደጫነ ነው። «ጋሼ፣ እሾሁ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። የሁሉንም ገንዘብ መለስኩ። የዚያን ቀን ዓሣ ግን አልመለስኩለትም።

የሰው ዕቃ ላይ የምትገጥሙት ነገር የሰው እንጀራ ላይ እንደተገጠመ ቁጠሩት። አንድ ሳምንት በገዛ እጃችሁ፣ በደረቅ አስፋልት፣ ያለ ጭነት መንዳት ፈተና አይደለም። እናንተ ጉድጓዱን ትሸሻላችሁ። ከእናንተ የሚገዛው ሰው አይሸሽም፤ ከኋላው ባጃጅ እየጮኸበት ነው። ስለዚህ ዕቃውን ለሌላ ሰው ስጡት፤ በተለይ ለዕቃ ለማይጠነቀቅ ሰው። ኮብልስቶን ላይ ይንዳው፤ ኮብልስቶን የላላ ብሎንን ሁሉ ያጋልጣል። በቀትር ፀሐይ ላይ አቁሙት፤ ሙጫችሁ የሚለቅ ከሆነ ያኔ ይለቃል። ክረምት ደግሞ ግድ ነው። በበጋ የሠራችሁት የፍሬን ላስቲክ የብረት ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ) ላይ በደንብ ይዞ ይሆናል። ያው ቸርኬ ሲረጥብ ግን ፍሬኑ በጣም ይዳከማል፤ ለመቆምም ብዙ ርቀት ይፈጅበታል። ይህንን በሐምሌ ዝናብ ውስጥ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት እንጂ ደንበኛ ላይ አትማሩት።

ደግሞ ፍቱት! ከላይ አይቶ «ደህና ነው» ማለት ምንም አይነግራችሁም። የእኔ ንጣፍም ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ፈትቼ ብሆን የተፋቀውን ጎን በዓይኔ አየው ነበር። አሁን ሕጌ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከሦስት ሰው በላይ አልገጥምም፣ ሦስቱም አይከፍሉም፣ በየሳምንቱ ይፈታል።

አየሩን ማስወጣት

እሾህን ለመሸሽ ብዙ ልጆች ጎማውን በገመድ፣ በውሃ ጎማ፣ በተቆራረጠ ላስቲክ ይሞሉታል። አዎ፣ አይተነፍስም። ግን ይከብዳል፣ ንዝረቱን በሙሉ ለነጂው ወገብና ለቸርኬው ያስተላልፋል፣ ቀስ በቀስም ሽቦዎቹን ይበጥሳል። አየር ያለበት ጎማ የመጣው ከዚህ ለመውጣት ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነበር። የልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል በድፍን ጎማ ሲንገጫገጭ አይቶ ነው አየር የሞላበት። እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብት አወጣበት። ወደ ድፍን ጎማ የሚመለስ ልጅ ደንሎፕ ወደሸሸው ችግር ነው የሚመለሰው።

የደንሎፕ ታሪክ ሌላም ነገር አለው። ሮበርት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1845 ያንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ኖሯል። ይህ ሲታወቅ የደንሎፕ መብት ተሰረዘ። ከመጀመራችሁ በፊት ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ። አዛውንት የሳይክል ጠጋኞችንም ጠይቁ፤ የእናንተን ሐሳብ ከሃያ ዓመት በፊት ሞክሮ ለምን እንደተወው የሚነግራችሁ ሰው ይኖራል።

«26 ነው» ብሎ መተው

ባለ 26 ጎማ አንድ ዓይነት አይደለም! አንዱ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 559 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሌላው 584፣ ሌላው 590። ሦስቱም «26» ይባላሉ። እርስ በርስ ግን አይገቡም። ጎማው ጎን ላይ 50-559 የሚመስል ጽሑፍ አለ፤ እሱን አንብቡ። አንዲት ጎበዝ ልጅ ለክረምት ጭቃ የሚሆን ቆንጆ ፓራፋንጎ ከላሜራ ሠርታ፣ ሃያ ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ ከጎረቤቷ ሳይክል ውጪ ለማንም አልገጠመም። ቅርጹ ትክክል ነበር። የለካችው አንድ ሳይክል ብቻ ነው።

ብረት በብረት ላይ

ቶንዲኖ (የግንባታ ብረት ዘንግ) ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ነገር በቶንዲኖ ይሠራል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ አንዱ ሜትር ወደ 900 ግራም ይመዝናል። ስድስት ሜትር የጨረሰ መጫኛ ገና ዕቃ ሳይጫንበት ከ5 ኪሎ አለፈ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ 40። ይህ ክብደት ከኋላ ጎማ እምብርት ወደኋላ ካለፈ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይዋልላል። ጭነቱን ዝቅ አድርጉት፣ ወደፊት አምጡት። የነጂው ተረከዝ ፔዳል ሲመታ ጀሪካኑን እንዳይነካም ለኩ። የሳይክሉን ቴላዮ (ዋናውን አካል) ደግሞ አትበይዱ። ቱቦው ስስ ነው፤ ብየዳው ያቃጥለዋል፤ አንድ ቀን ከብየዳው ጎን ይሰበራል። በማቀፊያና በብሎን እሰሩ።

ብርሃን

መብራት የምትሠሩ ልጆች ስለምታዩት እንጂ ስለምትታዩት አታስቡም። ሰውን የሚገድለው ግን አለመታየት ነው። ለማታ መንገድ ምን ይሻላል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ አንጸባራቂ እላችኋለሁ። ባትሪ አይበላም፣ አይሰረቅም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ፔዳል ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ይሁን። ከፍ ዝቅ ሲል የባጃጅ ሹፌሩ ፊት ለፊቱ ያለው ሳይክል የሚነዳ ሰው እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል።

አንጸባራቂ ሲቆሽሽ ግን ሥራውን ያቆማል። ፐርሲ ሾው የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1934 መብት ያወጣበት፣ «የድመት ዓይን» የሚሉት የመንገድ መሃል አንጸባራቂ ይህን መልሶታል። መስታወቶቹ ላስቲክ ውስጥ ናቸው። መኪና ሲረግጠው ላስቲኩ ጎንበስ ይልና መስታወቱን ይጠርገዋል። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የሚያቆሽሸው መንገድ ራሱ እንዲያጸዳው ነው ያደረገው። የእናንተን ዕቃ በሐምሌ ጭቃ ማን ነው የሚጠርገው? መልሱ «ባለቤቱ» ከሆነ፣ ማንም አይጠርገውም።

ስለ ስልክ ቻርጅ ደግሞ በአጭሩ፦ የተለመደው የሳይክል ዲናሞ 6 ቮልት 3 ዋት ነው። ትንሹ የስልክ ቻርጀር እንኳ 5 ዋት ነው። የዲናሞው ቮልቴጅ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የሚሰጠው ተለዋዋጭ ጅረት (AC) ስለሆነ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። በቀጥታ ሽቦ አገናኝታችሁ የሰው ስልክ አታቃጥሉ። በዝግታ ባትሪ የሚሞላ ነገር ሥሩ።

በቶሎ የማልፋቸው

የፊት ጎማ አጠገብ ሊላላ የሚችል ምንም ነገር አትስቀሉ፤ ሽቦው ውስጥ ከገባ ነጂው በመሪው ላይ ይወረወራል።

ብሎን እንዳይላላ አንድ ዳዶ (የብሎን ማጥበቂያ) አይበቃም። ሁለት አድርጉ፣ አለዚያም ፕላስቲክ ያለበትን ግዙ።

የግራ ፔዳል ጥርሱ በተቃራኒ ነው የሚዞረው።

ነጠላና ረጅም ቀሚስ ለብሰው የሚነዱ እናቶችና እህቶች አሉ። የካቴና መሸፈኛ ስትሠሩ ሱሪ ብቻ አታስቡ፤ እነሱን ጠይቁ።

ለሁሉም ነገር ዕቃ መሥራት

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት የፍሳሽ መውረጃ ፍርግርግ ውስጥ ቀጭን ጎማ እንዳይገባ የሚከላከል ነገር ነድፎ አመጣ። ብዙ ደክሞበታል፣ ሥዕሉም ያምር ነበር። አብረን ሄደን አየነው። የፍርግርጉ ብረቶች በመንገዱ አቅጣጫ ነበር የተጋደሙት። ወደ ጎን ቢዞር ጎማ አይገባበትም። ለሚመለከተው ክፍል አመለከተ፣ ተመላለሰ፣ በመጨረሻ አዞሩት። ልጁ ምንም ሳይሸጥ ቀረ። እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

መንገድ ላይ ግን ራሳችሁ ምንም አታስቀምጡ። መኪና እንዲቀንስ ተብሎ የተጋደመ ገመድና ድንጋይ በማታ የሚጥለው ሳይክለኛውን ነው።

ሐሳብ ይሰረቃል ብሎ መደበቅ

አንዳንዱ ዕቃውን በጨርቅ ሸፍኖ ይመጣና እንዳላየው ይከለክለኛል፤ ከዚያ ለምን እንደማይሠራ ይጠይቀኛል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ለዚህ ግን ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ትልቅ ፈጠራን ብቻ ሳይሆን «አነስተኛ ፈጠራ» የሚለውንም ይጠብቃል። አብዛኛው የሳይክል ዕቃ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ገበያ ላይ ከመበተናችሁ በፊት ሂዱና ጠይቁ። ለምታምኑት ጠጋኝ ግን አሳዩ።

የእኔን ንጣፍ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሳስቼ አሳስቼ እንደ ወረቀት አቅጥኜዋለሁ። ስፋቱንም ቀንሼ ወደ ጎን እንዳይወጣ አድርጌዋለሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ ሦስት ሳይክል ላይ ነው ያለው። አንዱ የዚያ ዓሣ አመላላሽ ነው፤ ራሱ ነው «ግጠምልኝ» ያለው። ቅዳሜ ማታ ሥራውን ሲጨርስ ይመጣል። ጎማውን አብረን እንፈታለን፣ ካላማዳሪያውን በመብራት ዙሪያውን እናየዋለን። እስካሁን አልተፋቀም። መስከረም ሳይጠባ ግን ለማንም አልሸጥም።